የማይመለስ ወንፈል

አያልነህ ውለታ የማይችል ሰው ነው። ክፉ ቢያደርጉበት ውጦት ዝም ይላል፤ ደግ ያደረጉለት ቀን ግን መላወሻ ያጣል። ጎረቤት አንድ ቅል ማር ቢልክለት ቅሉ ባዶውን አይመለስም፤ ምስር ወይም ቅቤ ተሞልቶ ይመለሳል፤ ያውም በማግስቱ። ሚስቱ ሰብለ ወንጌል፣ "አንተን ደስ ሊያሰኝ የፈለገ ሰው ቢሰርቅህ ይሻለዋል" ትለዋለች። እሱ ይህን እንደ ሙገሳ ነው የሚሰማው።

ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚታረመውም የሚታጨደውም በወንፈል ነው። ዛሬ አሥር ሰው የኔ ማሳ ላይ ይውላል፣ ነገ እኔና ዘጠኙ ያንተ ማሳ ላይ እንውላለን፤ ዙሩ ሳይዘጋ ማንም ማጭዱን አይሰቅልም። ደቦ ሌላ ነው፤ ደቦ ጠሪው ጠላ ጠምቆ፣ ወጥ ሠርቶ ሰው ይጠራል፤ የመጣውም ሠርቶ፣ በልቶና ጠጥቶ ይሄዳል። ሌላው ገበሬ በወንፈል ግማሽ ቀን ቢጎድልበት "ይሁን፣ ሰው ነን" ተባብሎ ያልፈዋል። አያልነህ ግን አንድ ዓመት ለቅሶ ገጥሞት ከሰው ማሳ እኩለ ቀን ላይ ቢነሳ፣ በሦስተኛው ቀን ሄዶ ከጧት እስከ ማታ አጨደ። ባለማሳው "ኧረ በቃህ፣ ተርፏል" ቢለው አልሰማም።

እግዚአብሔርንም የያዘው እንደ ወንፈል ጓደኛ ነበር። ይህ ከጅልነት የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ከበደል የመጣ ነው።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ የርብ ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሜዳው ላይ ወጣ። የሠፈሩ ሰው በወንዙ ዳር የአፈር ግድብ ሠርቶ በተራ ይጠብቅ ነበር። ጎህ ሲቀድ ተረኛው አያልነህ ነበር፤ ብቻውን ነበር። ውሃው ግድቡን እየበላ ወደ እሱ ማሳ ማዘንበሉን አየ። ዓመት የለፋበት ሩዝ ነው። አካፋውን አነሳና ግድቡን በወዲያኛው በኩል፣ በንብረት ቤት አቅጣጫ ሰበረው። ውሃው ወደዚያ ሄደ። የንብረት አባት አያ ማስተዋል ከአልጋ የማይነሱ ሽማግሌ ነበሩ፤ ልጃቸው በጀርባው አዝሎ ወደ መድኃኔ ዓለም ጉብታ ሲያወጣቸው እስከ ደረታቸው ርሰው፣ ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ሞቱ። ሰው ሁሉ "የመጣ ውሃ ነው፣ ምን ይደረጋል" አለ። አያልነህም ቀብሩ ላይ ቆሞ "ውሃ ነው" አለ።

የሆነውን የተናገረው ለንስሐ አባቱ ለመምሬ በእውቀቱ ብቻ ነው። መምሬ አዳምጠው ሲጨርሱ፣ "የአንድ ዓመት ቀኖና እሰጥሃለሁ፤ ትጾማለህ፣ ትሰግዳለህ። አሁን ግን ሂድና ለንብረት ንገረው። ፈራሁ ካልህ አብሬህ እመጣለሁ" አሉት።

"ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ አባቴ? መጀመሪያ ትንሽ ልድከምና የሆነ ነገር ይዤ ልሂድ።"

"ምን ይዘህ?"

አያልነህ ምን እንደሆነ አላወቀም። ብቻ የሆነ ነገር መያዝ ነበረበት።

ዓመቱ አለቀ። መምሬ እግዚአብሔር ይፍታህ አሉት፤ አያልነህ ግን አልተፈታም። በአዋጅ ጾሞቹ ላይ የራሱን ጾም ጨመረ። በቀን መቶ ጊዜ ሰገደ፣ ግንባሩ ሻከረ። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሲታነጽ ድንጋዩን ከማንም በላይ ያመላለሰው እሱ ነው። በየዓመቱ ኅዳር ሲጠባ ደግሞ ከማሳው ዳር ቀድሞ የደረሰውን ሩዝ ፈትጎ፣ በትከሻው ተሸክሞ ጣራ ገዳም ድረስ በእግሩ ይሄዳል። መኪና ሞልቶ ሳለ ለምን እንደሚንገላታ የሚጠይቀው አይጠፋም፤ መልሱ አጭር ነው፣ "በመኪና የሄደ አይቆጠርም።" ከንብረት ጋር ሲገናኝ ግን ሰላምታውን አጥፎ፣ የቸኮለ መስሎ ያልፈዋል። ሺህ ስግደት ከዚያች አንዲት ቃል ቀለለው።

ዳፋው የተረፈው ለሰብለ ወንጌል ነው። እሷ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል፤ መቁረብ። ባልና ሚስት የሚቆርቡት ደግሞ አብረው ነው፤ እሱ ካልቆረበ እሷ አትቆርብም። ልጆች ድረዋል፣ ፀጉራቸው ሸብቷል፣ እኩዮቻቸው ከቆረቡ ቆይተዋል። መምሬም በየዓመቱ ይጠይቁታል፤ አያልነህም በየዓመቱ "ገና ነኝ አባቴ" ይላል። አምና ክረምት ሰብለ ወንጌል ክፉኛ ታማ ከሞት አፋፍ ተመለሰች። አልጋዋ ላይ ሆና እጁን ይዛ፣ "ምን እንዳደረግህ አልጠይቅህም፤ ሳልቆርብ ብሞት ግን በአንተ ነው" አለችው። እሱ በማግስቱ ስግደቱን መቶ ሃምሳ አደረገው። ሌላ የሚያውቀው መንገድ አልነበረም።

ዘንድሮ ኅዳር ሲገባ እንደ ልማዱ ጣራ ገዳም ሄደ። ሩዙን አስረክቦ ቁልቁለቱን ሲወርድ ዝናብ ያራሰው ድንጋይ አዳለጠውና ወደቀ፤ ቅልጥሙ ተሰበረ። ስድሳ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው ነው። መንገደኞች በቃሬዛ ወደ አስፋልት አወረዱት፣ የጭነት መኪና ወረታ መገንጠያው ላይ አደረሰው፣ ከዚያ ሙባረክ የሚባል ባጃጅ ነጂ እስከ ደጁ ወሰደው። ሙባረክ ሒሳብ አልቀበልም አለ። "በሽተኛ አላስከፍልም አባባ፣ አላህ ይማርዎት" ብሎ ባጃጁን አዞረ። አያልነህ ሕመሙን ረስቶ ታርጋውን ሲያጠና ሰብለ ወንጌል አየችው። በማግስቱ አንድ ቁና ሩዝ ተሸክማ ወረታ ላይ ባጃጅ ፍለጋ የዋለችው እሷ ናት፤ ስትመለስ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

ወጌሻው እግሩን በቀርከሃ ስንጥር ጠፍሮ "አርባ ቀን እንዳትረግጠው" አለው። አርባ ቀን ማለት ሩዙ አለቀለት ማለት ነው። ሩዝ ከደረሰ በኋላ አይጠብቅም፤ ይረግፋል፣ ወፍ ይበላዋል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ከብቱ ነው። በሠፈሩ ደንብ ከኅዳር ጽዮን ማግስት ጀምሮ ከብት በገለባው ላይ ይለቀቃል፤ ያን ቀን ያልታጨደ ማሳ ያለው ሰው የራሱ ጉዳይ ነው። ወንድ ልጁ ባሕር ዳር የቀን ሥራ ላይ ነው። ሴት ልጁ እየሩስ አንበሳሜ አግብታ፣ አራስ ቤት ናት። የወንፈሉ ዙር ሲጀመር ደግሞ አያልነህ ገዳም ነበር፤ ለማንም አንድ ቀን አልዋለም። ስለዚህ ማንም አይውልለትም፤ በእሱ አስተሳሰብ ነገሩ ይኸው ነው። ሰብለ ወንጌል ብቻዋን ሦስት ቀን አጭዳ የማሳውን አንድ ጥግ ብቻ አነሳች። እሱ ደጅ መደብ ላይ ተጋድሞ ያያታል። የማሳውን ቢጫ ያያል፣ ሚስቱ ወገቧን ይዛ ቀና ስትል ያያል።

ጽዮን አራት ቀን ሲቀራት፣ ጧት፣ በማሳው ራስ ላይ ሰዎች ታዩ። አሥራ ስምንት ናቸው፤ ሁሉም ማጭድ ይዘዋል። ከፊት የሚመራው ንብረት ነው።

አያልነህ ከመደቡ ላይ በክርኑ ተነሳ። "ሰብለ፣ ማን ጠራቸው?"

"እኔ አልጠራሁም።"

ንብረት ሰዎቹን ማሳው ላይ አሰልፎ ወደ ደጁ መጣ። የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነው፣ ቀጭን፣ ንግግሩም ቁጥብ ነው። "እንዴት አደሩ አያ አያልነህ? እግርዎ እንዴት ነው?"

"ንብረት፣ ይህ የማን ወንፈል ነው?"

"የማንም አይደል።"

"ደቦም እንዳይባል ጠላ አልጠመቅንም፤ እኔም አልጠራሁም።"

"ስንቃችንን ይዘናል።"

"ታዲያ ምን ልበለው?"

ንብረት ጭንቅላቱን አከከ። "ምንም አይበሉት። ሩዙ ደርሷል፣ እርስዎ ተኝተዋል።" ይህን ብሎ ወደ ሰልፉ ተመለሰ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደሰት ነበር። አያልነህ ሞቱን ተመኘ። ሌላ ማንም ቢመጣ፣ ንብረት ብቻ ባይመጣ። ወገቡን አጉብጦ ሩዙን ጨብጦ ሲቆርጥ ሲያየው፣ ያ ጀርባ አባቱን ያዘለበት ጀርባ መሆኑ ከዓይኑ አልጠፋ አለ። "ሰብለ፣ ስማቸውን ያዥልኝ፤ ማን ማን እንደመጣ። ሲሻለኝ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ቀን እውላለሁ" አላት። ሰብለ ወንጌል የውሃ እንስራዋን አንስታ "እኔ ውሃ የማጠጣው ሰው አለኝ፤ አንተው ያዝ" ብላው ወጣች። ራሱ ለመያዝ ሞከረ። ሰባተኛው ላይ እንባ መጣበትና ተዛባበት። ማታ ሩዙ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ነዶው አውድማው ላይ ተከምሮ ነበር። ሰዎቹ ውሃ ጠጡ፣ "ይማርዎት" አሉትና ወደየቤታቸው ሄዱ። ከጽዮን ማግስት ከብቱ ሲለቀቅ በአያልነህ ማሳ ላይ ያገኘው ገለባ ብቻ ነው።

መምሬ በእውቀቱ ሊጠይቁት የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። መስቀላቸውን አሳልመውት መደቡ ላይ አጠገቡ ተቀመጡ።

"አባቴ፣ ንብረት ሩዜን አጨደልኝ።"

"ሰምቻለሁ።"

"እሱ ነው እኮ ያጨደው።"

"እሱ እንደሆነም ሰምቻለሁ።"

"አሥራ ሁለት ዓመት የደከምሁትን በአንድ ቀን አፈረሰብኝ። ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። አሁን በምን ዓይኔ ነው የማየው?"

መምሬ ሳቁ፤ ሳቃቸው የፌዝ አልነበረም። "የሚፈርስ ከሆነ ይፍረስ። እስቲ ልጠይቅህ፤ ይህን የምታርሰውን ጥቁር አፈር ማን አመጣው?"

"ርብ ነዋ።"

"ከየት?"

"ከላይ ነው፣ ከጉና በኩል።"

"አንተስ ምን አደረግህ?"

"አረስሁታ።"

"ማረስህ ደግ ነው። አፈር ተሰጥቶት የማያርስ እብድ ነው። አፈሩን እኔ ነኝ ያመጣሁት የሚል ግን የባሰ እብድ ነው።" መምሬ ወደ እሱ ዘንበል አሉ። "ቀኖናውን የሰጠሁህ ለመድኃኒት ነው፤ ልብህ እንዲለሰልስ። አንተ ግን ይቅርታን በጉልበትህ ልታወርደው ተነሳህ። ክርስቶስ በመስቀል ላይ የፈጸመውን አንተ በስግደት ልትፈጽመው ነው? ጎደለ ብሎህ ነው?"

አያልነህ አንገቱን ደፋ። "አምናለሁ እኮ አባቴ።"

"የምታምነውማ ጉልበትህን ነው። እሱም ይኸው በቀርከሃ ታስሮ ተኝቷል። ማመን ማለት የሚሰጥህን መቀበል ነው፤ ለመቀበል ደግሞ እጅ ባዶ መሆን አለበት። የሞላ እጅ ምን ይቀበላል? አሁንስ ለንብረት ትነግረዋለህ?"

አያልነህ፣ "መጀመሪያ ቀን ልመልስለትና ከዚያ እነግረዋለሁ" አለ።

መምሬ በረጅሙ ተነፈሱና ተነሱ። "አይ አያልነህ" ብቻ ብለውት ሄዱ።

ታኅሣሥ አሥረኛ ቀኑን ይዟል። አርባው ቀን አልሞላም፤ አያልነህ ግን ባላ እንጨት ምርኩዝ አስቆርጦ ቤቱን መዞር ጀምሯል። ንብረት ከቤቱ ጓሮ በሞተር ውሃ የሚያጠጣው ቁራሽ መሬት አለው። በዚህ ወቅት ሠፈሩ ሁሉ የሚያለማው ሽንኩርት ነው፤ ንብረትም አምና፣ ካቻምናም ሽንኩርት ነበረው። አያልነህ በሩቁ ሲያየው አረም ወሮታል። ሩዝ ማጨድ ባይችል ተቀምጦ ማረም ይችላል። አንድ ቀን ይሆናል። ሊነጋጋ ሲል ሰብለ ወንጌል ሳትነቃ ምርኩዙን ይዞ ወጣ፤ ያን የአሥር ደቂቃ መንገድ ሲሄድ ፀሐይ ልትወጣ ደረሰች።

የአትክልቱ መደብ ዳር በቂጡ ተቀመጠና የታሰረ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ማረም ጀመረ። ሽንኩርቱ ሳስቷል፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት። "ዘንድሮ ዘሩን ምን ነካው" እያለ ለንብረት አዘነ። አረሙ ግን እንደ ጉድ ነው፤ ቅጠሉ ላባ የመሰለ፣ ለስላሳ፣ በጤዛ የራሰ። አያልነህ አንድም አላስቀረም። ሽንኩርቶቹን እየተጠነቀቀ፣ ሥራቸውን በጣቱ አፈር እያለበሰ፣ ላባማውን አረም እየነቀለ ከጎኑ ከመረ። እግሩ ይጠዘጥዘዋል። በጠዘጠዘው መጠን ደስ ይለዋል፤ እንዲህ ከሆነ ይቆጠራል። ከአሥራ ሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ ጧት አልገጠመውም። ፀሐይዋ ጀርባውን ስታሞቀው ግማሹን መደብ ጨርሶ ነበር።

ንብረት የውሃ ሞተሩን ጎማ ቱቦ ተሸክሞ መጣ። አየው፤ ቆመ። "አያ አያልነህ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"አረም በልቶህ ነበር" አለ አያልነህ፣ ላቡን እየጠረገ። "ግማሹን አጽድቼልሃለሁ።"

ንብረት ጎማውን ከትከሻው አወረደ። ወደ ክምሩ ሄዶ ቁጢጥ አለና ከተነቀሉት አንዱን አነሳ፤ ሥሩ እንደ ክር የቀጠነ፣ ጫፉ ብርቱካንማ ነው። ጥቂት አገላበጠው።

"ይህ ካሮት ነው" አለ።

"ምን?"

"ካሮት። አህመዲን፣ ያ ወረታ አትክልት የሚያከፋፍለው፣ 'ገበያ ላይ ይፈለጋል' ብሎኝ ዘንድሮ ሞከርሁት። ሰው እንዳይስቅብኝ ለማንም አልነገርሁም።"

አያልነህ ወደ መደቡ ዞረ። "ሽንኩርቱስ?"

"እሱ አምና ሳይለቀም የቀረ ነው። አረሙ እሱ ነው።"

አያልነህ ክምሩን አየ። ከዚያ ሁለት እጁን አግብቶ የተነቀሉትን ዘገነና መልሶ ሊተክል አፈሩን በጣቱ መቆፈር ጀመረ። አንዱን ተከለ፤ ተጋደመ። ሌላ ተከለ፤ እሱም ተጋደመ። "ይይዛል፣ ውሃ ካገኘ ይይዛል" ይላል፤ ለንብረት ይሁን ለራሱ አይታወቅም።

"ይተዉት አያ አያልነህ። ካሮት ተነቅሎ አይተከልም።"

አያልነህ እጁን ከአፈሩ አወጣ። መዳፉን አየው፤ ከጭቃ በቀር ምንም የለበትም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሰበስብ የኖረውን ነገር ሁሉ ፈለገው፤ ስግደቱን፣ ድንጋዩን፣ የጣራ ገዳምን መንገድ። አንዱም ለዚህ ሰው የሚሰጥ አልነበረም። ይባስ ብሎ ካሮቱን ነቅሎበታል።

"ግድቡን የሰበርሁት እኔ ነኝ" አለ።

ንብረት አልተንቀሳቀሰም።

"ያን ጊዜ፣ በነሐሴ። ውሃ አልሰበረውም። ወደኔ ማሳ ሊመጣ ሲል በአካፋ ወዳንተ ለቀቅሁት። አባትህን የገደልሁት እኔ ነኝ። ሁሌ የሆነ ነገር ይዤልህ ልመጣ እል ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ ንብረት።

አያልነህ ቀና ብሎ አየው።

"የዚያኑ ቀን ሄጄ አየሁት። ውሃ የሰበረው ግድብ እንዲያ አይቆረጥም። አካፋዎ ጠርዙ የተሸረፈ ነበር፤ በእርጥብ አፈሩ ላይ የሽራፊው መስመር ተጋድሟል።" ንብረት የያዛትን ካሮት በጣቶቹ መካከል እያዞረ ቀስ ብሎ ተናገረ። "ጠመንጃ አንስቼ ነበር። አባቴ አዩኝ። ወዴት ነው አሉኝ፤ ነገርኋቸው። ያን ጊዜ ገና አልሞቱም፤ ስድስተኛ ቀናቸው ነው። አጠገባቸው አስቀመጡኝና 'ይቅር ብዬዋለሁ በለኝ' አሉኝ። እምቢ አልሁ። ውሃ አልጠጣም አሉ። ማታ ላይ አልሁላቸው።"

"ማታ ላይ አልህ?"

"በአፌ ነበር። ልቤ እስኪከተለው ሦስት ዓመት ፈጀ። ግን ከዚያች ማታ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ባለ ደሜ አልነበሩም።"

አያልነህ ይህን ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። መምሬ ዘንድ ሄዶ ሳይናዘዝ፣ አንድም ጊዜ ሳይሰግድ፣ አንዲት ድንጋይ ሳያነሳ ነበር ማለት ነው። ቀብሩ ላይ ቆሞ "ውሃ ነው" ብሎ ሲዋሽ እንኳ ይቅር ተብሎ ነበር። "ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?" አለ።

ንብረት አፈረ። "መጥተው ሲነግሩኝ እነግራቸዋለሁ ብዬ ጠበቅሁ። እርስዎ ባዩኝ ቁጥር ይሸሻሉ። ከዚያ ጊዜው ሄደ። እሱ የኔ ጥፋት ነው፤ አባቴም ጠብቅ አላሉኝም። እግርዎ ሲሰበር፣ አሁን መሸሽ አይችሉም ብዬ መጣሁ። እንደገና አፌ ተያዘ፤ ሩዙን አጭጄ ሄድሁ።"

አያልነህ አለቀሰ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ለንብረት ስለከበደው ፊቱን ወደ ሞተሩ መለሰ። ልቅሶው ሲበርድ ተመልሶ "ይነሱ፣ ላድርስዎት" አለው። አያልነህ ምርኩዙን ተደግፎ ሊነሳ ሞከረ፤ እግሩ አብጦ ከቀርከሃው በላይ ወጥቷል፤ መሬት ሊያስነካው አልቻለም። ንብረት ሁለተኛ አልጠየቀውም። ጀርባውን ሰጥቶ ተንበረከከ።

"ተው፣ ከባድ ነኝ።"

"አባቴም ይከብዱ ነበር" አለ ንብረት።

አያልነህ በዚያ ጀርባ ላይ ታዘለ። መንገዱን ሙሉ እጆቹ በንብረት አንገት ዙሪያ ነበሩ፤ ከእሱ በቀር ምንም አልያዙም። ሰብለ ወንጌል ከደጅ ቆማ ሲመጡ አየች። የባሏን ፊት አይታ ያን ቀን አልተቆጣችም፤ መደቡ ላይ ጋቢ አነጠፈች።

ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ቆረቡ። ዋዜማውን አያልነህ እንደ ልማዱ ቤቱን ሲያስስ ሰብለ ወንጌል ያዘችው። ጎተራው አፍ ላይ ቆሟል።

"ምን ትፈልጋለህ?"

"ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ትንሽ ሩዝ..."

"ሌላ ቀን ትወስዳለህ። ነገ የምንሄደው ልንቀበል ነው።"

አያልነህ ወደ ጎተራው፣ ከዚያ ወደ እጆቹ ተመለከተ። የጎተራውን አፍ ዘጋው። በማግስቱ ቅዳሴው ሲደርስ መስገድ አልቻለም፤ እግሩ አይታጠፍለትም። ሕዝቡ ሲሰግድ እሱ ምርኩዙን ይዞ ብቻውን ቆሞ ቀረ፤ መጀመሪያ ራቁቱን የቆመ ያህል አፈረ። ንብረት ከጎኑ ነበር፤ እንዳይወድቅ ብብቱን ደግፎታል። ተራው ሲደርስ መምሬ በእውቀቱ ምንም አልጠየቁትም፤ እሱም "ገና ነኝ" አላለም። አፉን ከፈተ። ከኋላው ሰብለ ወንጌል ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተራዋን ትጠብቅ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ንብረት የደስታ ብሎ አንድ ቅል ማር ላከላቸው። ሰብለ ወንጌል ቅሉን ተቀብላ ባሏን በዓይኗ ትከታተለው ጀመር። አንድ ቀን አለፈ። ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን አያልነህ ቅሉን አጥቦ ፀሐይ ላይ አደረቀው። ወደ ምስሩ ማድጋ ሄደ፣ ክዳኑን አነሳ፣ ቆይቶ መልሶ ከደነው። ከዚያ ምርኩዙን ይዞ እያነከሰ ወደ ንብረት ቤት ወረደ።

ንብረት ከተረፈው ካሮት መካከል ሞተሩን ሲያስነሳ አገኘው።

"ቅልህን አመጣሁልህ" አለ አያልነህ።

ንብረት ተቀብሎ ወደ ውስጥ አየ። ከዚያ አያልነህን አየ።

"ባዶውን?"

"ባዶውን" አለ አያልነህ።